ልጄ የቆመችበት ገንዳ

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1930 ዓ.ም. ነው። ሰሞኑን በዚህ ጋዜጣ ላይ ሰውነትን ስለማፍታታት የተጻፈ ነገር አንብቤ ትዝ አለኝ። ስፖርት ቤት መሄድ የማይችል ሰው በጨዋታም፣ በቤት ሥራም ቢሆን ሰውነቱን ማበርታት ይችላል ይላል። እውነት ነው። እኔ ግን ይህን የተማርኩት ቦርከና ወንዝ ዳር ከአንዲት ጋቢ አጣቢ ነው። ያን ጊዜ ያጠፋሁትንም፣ የተደረገልኝንም ሳልናገር ብሞት ደስ አይለኝም።

አባቴ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው በራሴ እጅ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነበር። ባለቤቴ ዘመቻ ሄደው አልተመለሱም። ሞታቸውን ያየ ሰው አላገኘሁም፤ መቃብራቸውንም አላውቅም። የቀረችልኝ አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። አስካለ ትባላለች። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥጥ እየፈተልኩ ሰኞ ገበያ እያወጣሁ በመሸጥ ነበር የማሳድጋት።

በመስከረም ወር አስካለን ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ስምንት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባት ሲጀምሩ ከቤት ወጣሁና ወደ እመቤታችን ደብር ዞሬ ተንበረከክሁ። እንዲህ ብዬ ተሳልኩ፦ “ልጄን ማሪልኝ። ለጥር አስተርእዮ በጀርባዬ አዝዬ አመጣታለሁ። እስከዚያ እግሯ መሬት አይነካም። መጀመሪያ የምትረግጠው ያንቺን ደጅ ይሆናል።”

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ውሃ ጠየቀች። ከዚያም ቆሎ ጠየቀች።

እንግዲህ ስለቴ ተሰምቷል። የተሰማ ስለት ደግሞ አይፈርስም። እስከ ጥር ሃያ አንድ ከአራት ወር በላይ አለ። እኔ ግን ወሩን አልቆጠርኩም። ልጄ ነፍሷ ተርፎልኝ አራት ወር ማዘል ምን ሊሆነኝ ነው?

መጀመሪያ ላይ ትለምነኝ ነበር። የጎረቤት ልጆች ደጃፋችን ላይ መሬት ጭረው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ድምፃቸው ይሰማታል። “እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልውረድ” ትላለች። “ትንሽ ቀረ የኔ እናት” እላታለሁ። አልጋ ላይ አስቀምጣትና ፈትሌን እይዛለሁ። ደጅ መውጣት ሲያስፈልጋት አዝዬ እወስዳታለሁ። ገበያም በጀርባዬ ነው የምትሄደው። ጎረቤቶቼ “እምነትሽ ያስቀናል” ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም።

ጥቅምት ሲያልቅ ልመናዋን አቆመች። ልጆቹ እየጮሁ ሲዘሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ተገዛችልኝ ብዬ ተደሰትኩ። ያን ጊዜ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት እግሯን በእጄ ያዝኩት። እንደ እንዝርት ቀጥኗል። ጉልበቷ ብቻ ወጥቶ ቀርቷል። “ወደ ላይ አንሺው” አልኳት። አየችውና “አይሰማኝም” አለችኝ። 

በሽታው ይሁን ያመጣው፣ የኔ ማዘል ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ እላለሁ።

ጎረቤቶቼ የደሴ ብርድ ነው እግሯን የያዘው አሉ። ቆላ ውረጂ፣ ሙቀት ያፍታታታል አሉኝ። የባለቤቴ እህት ኮምቦልቻ ትኖር ስለነበር ኅዳር ጽዮንን አክብሬ አስካለን አዘልኩና ወረድኩ። በአዲሱ መንገድ የጣሊያን የጭነት ካሚዮኖች ይመላለሳሉ፤ እኔ ግን በአቋራጩ በእግሬ ሄድኩ። ግማሹን መንገድ አንድ የጨው ነጋዴ ልጅቷን በቅሎው ላይ አስቀመጠልኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ኮምቦልቻ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ልብሳችንን ላጥብ ቦርከና ወረድኩ። አስካለን እንዳዘልኩ ነው። ወንዙ ጎድሎ ጠርቷል። ዳር ዳሩን አጣቢዎች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንዲት ወፈር ያለች ሴት ከግንድ በተቦረቦረ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ቆማ ጋቢ ትረግጣለች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሸብ አድርጋለች። የእንዶዱ አረፋ እስከ ባቷ ደርሷል። በምትረግጠው ልክ እያጨበጨበች ታዜማለች።

ጋቢና ብርድ ልብስ መርገጥ የወንድ ሥራ ነው። በኋላ እንደሰማሁት የባሏ ሥራ ነበር፤ እሱ ሲሞት ገንዳውን እሷ ያዘችው። መንገደኛ ያሾፍባታል። እኔ እንደደረስኩም አንድ አጋሰስ ነጂ ከማዶ ቆሞ፣ “ሰዓዳ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ራስ ነው የምትረግጪው?” አላት።

“የወሬኛ ራስ ነው። ቦታ አለ፤ ያንተንም ጨምረው” አለችው። እግሯን አላቋረጠችም።

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየች።

“ምነው እቴ፣ ይሄን የሚያህል ግመል አዝለሽ ወንዝ ትወርጃለሽ? ልጅቷ እግር የላትም?”

“አላት።”

“ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው ያሰርሽው?”

ስለቴን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ከገንዳው ወጥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“ስለት ቀላል ነገር አይደለም” አለች። “እኛም ለወሊዮቹ እንሳላለን። ጥር መቼ ነው?”

“ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል።”

መጥታ የአስካለን እግር ከነጠላው ስር አውጥታ ያዘችው። በሁለት ጣቷ ዙሪያውን ለካችው። ፊቷ ተለወጠ። “ወላሂ፣ ሁለት ወር አይቆይልሽም” አለችኝ። “መሬት አታስነኪያት። እኔ ገንዳ ውስጥ ላቁማት። ጋቢ ትረግጣለች እንጂ መሬት አትረግጥ።”

ተቆጣሁ። ከእመቤቴ ጋር በብልጠት መጫወት መሰለኝ። ስለትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ አይፈልግም አልኩ በሆዴ። ልብሴን ሳላጥብ ተመለስኩ።  ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ የሴትዮዋ ጭብጨባ ተሰማኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈትል ይዤ ተቀምጬ አስካለን አየኋት። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። በእጇ ጭኗን መታ መታ ታደርጋለች። የሴትዮዋን ምት ነው። የግራ እግሯ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ።

“እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ ነገም ትረግጣለች?” አለችኝ።

ምንም ነገር መለመን ካቆመች ወር ሊሆናት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አዝያት ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳለምኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ፈዟል፤ ልጅቷን ለማየት ጠጋ አሉ።

“ስትሳይ ምን ለምነሽ ነበር?” አሉኝ።

“እንድትድንልኝ፣ አባ። ደጇን ረግጣ እንድትስም።”

“በምን ልትረግጥ ነው?”

ነጠላዬን በአስካለ እግር ላይ ሳብኩት።

“ስለትሽን አልፈታልሽም” አሉ። “ራስሽ ያሰርሽውን ራስሽ ጨርሺው። መሬት አታስነኪያት። ግን ለእመቤታችን የምታመጪው እግር ያላት ልጅ ይሁን። እሷም ልጅ ያሳደገች እናት ናት፤ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ታውቃለች።” ከዚያ አስካለን፣ “አንቺ፣ ጋቢዬ ቆሽሿል፤ ትረግጪልኛለሽ?” አሏት።

“እሺ” አለች። ጋቢያቸውን ከላያቸው አውልቀው ሰጡን። በነጠላ ብቻ ቀሩ።

ያንን ጋቢ ይዤ ቦርከና ወረድኩ። ሰዓዳ ስታየኝ ወደ ትናንቱ ነገር አልመለሰችኝም። “የማን ነው?” ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የቄሱ ነው አልኳት። “እሳቸውማ ከመጡ ሥራው ተባረከ” አለችና ገንዳው ውስጥ አስገባችው።

በዕድሜ ትበልጠኝ ስለነበር አንቱ ብያት ነበር። “አንቱ ስትይኝ ጥርሴ የሚረግፍ ይመስለኛል። ሰዓዳ በይኝ” አለች። እትዬ ሰዓዳ በማለት ተስማማን።

መጀመሪያ ቀን እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ ሆነን ከብብቷ ደግፈን አስገባናት። እግሯ እንደ ራሰ ገመድ ተጣጠፈ። አስካለ ደነገጠችና ማልቀስ ጀመረች። እኔም ላወጣት እጄን ዘረጋሁ። ሰዓዳ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ፣ “አንቺ ወዲያ ሂጂ። ስታይሽ ነው የሚያማት” አለችኝ።

ከአንገቷ ላይ አንዲት ቀይ ጨሌ ፈታች። ጋቢው እጥፋት ውስጥ ጣለቻት።

“ይቺን በእግርሽ ጣት ፈልጊያት” አለቻት። “በእጅ መንካት የለም። ካገኘሻት ያንቺ ናት።”

አስካለ ልቅሶዋን አቆመች። በአረፋው ውስጥ እግሯን ትንሽ ጎተተች። ትንሽ ቆይቶ ሌላኛውን ጎተተች። ሰዓዳ ከኋላ ብብቷን ይዛታለች። አይዞሽ፣ ሞክሪ፣ በርቺ የሚባል ነገር የለም። “ወደዚህ ዳር ሸሸች መሰለኝ” ትላታለች። “ሌባ ናት፤ እንዳታመልጥሽ።”

የዚያን ቀን ጨሌዋ አልተገኘችም። በማግስቱም አልተገኘችም። በሦስተኛው ቀን አስካለ “ያዝኳት” አለች። ጣቶቿ መካከል ይዛ ከአረፋው በላይ አነሳቻት። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ግን እግሯን አንስታዋለች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንወርድ ነበር። መጀመሪያ ሰዓዳ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ እንድትቆም አደረገቻት። ቀጥሎ በአንድ እጅ። ጋቢው ሲቀልላት ብርድ ልብስ ጨመረችላት፤ እሱ ከብዶ እግርን ይስባል። ደክሟት ስትቀመጥ በገንዳው ጠርዝ ላይ ሆና ውሃውን በእግሯ ትመታለች፤ ሰዓዳን እስክታረጥባት ድረስ። ሰዓዳም እንደተቆጣች ሆና መልሳ ትረጫታለች።

አስካለ በምትረግጥበት ጊዜ ሰዓዳ ዜማ ታወጣላት ነበር። የጋቢውን ባለቤት እየጠራች ነው።

“የሹፌሩን ጋቢ ርገጪው ርገጪው፣
የመንገዱን አቧራ ከውስጡ አውጪው።”

አስካለ ትቀበላለች። ሌሎቹ አጣቢዎችም ያጨበጭባሉ። አጋሰስ ነጂዎቹም እያለፉ “የኔስ መቼ ይደርሳል?” ይሏታል። አስካለም “ሽታውን ተውና አምጣው” ትላለች። ከሰዓዳ የተማረችው ምላስ ነው።

አንድ ቀን ሰዓዳ እኔንም ገንዳ ውስጥ ግቢ አለችኝ።

“እኔ ምን ሆኜ?” አልኳት።

“ጀርባሽን አይተሽዋል? ልጅቷ ብትወርድም አንቺ እንደታጠፍሽ ልትቀሪ ነው።”

“ጾም ነው፤ ዘፈን አይገባም።”

“ይሄ ሥራ ነው እቴ። የዘፈን ጊዜ ቢሆንማ ሽልማት በጠየቅሁ።”

ገባሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። አስካለ እጄን ያዘችኝና መርገጥ ጀመርን። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻዬ ተፈታ። አስካለ ስትንሸራተት ይዣት አብሬያት ወደቅሁ፤ አረፋው አፋችን ገባ። ሳቅሁ። ባለቤቴ ከሄዱ ወዲህ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው። ወዲያው ደግሞ ልቤ ተነካ፤ ፊቴን በውሃ ታጠብኩ። ሰዓዳ አይታኛለች፤ ግን ወዲያ ዞራ ማስጫ ላይ ያለውን ጋቢ ማስተካከል ጀመረች።

ገና ሲቃረብ ወደ ደሴ ልመለስ ሆነ። በመጨረሻው ቀን አንድ ከባድ ብርድ ልብስ እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ይዘን እንጠመዝዛለን። አስካለ ገንዳው ውስጥ ነች።

“እትዬ ሰዓዳ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?” አልኳት።

ብርድ ልብሱን መጠምዘዝ አላቆመችም።

“ሰይድ የሚባል ልጅ ነበረኝ” አለችኝ። “እንዲሁ ትኩሳት ያዘው፤ አላህ አተረፈልኝ። ከዚያ እግሬን አመመኝ አለ። ልነሳ ሲል ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ እተወዋለሁ። ሰው ሁሉ ይረፍ አለኝ። አሳረፍኩት። ሁለት ዓመት አዘልኩት። ጀርባው ቆሰለ። በቁስሉ ሞተ።”

ውሃው ከብርድ ልብሱ ወርዶ እግራችን ላይ ይፈሳል።

“ከሞተ በኋላ ነው ገንዳው ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት። አባቱ በየቀኑ እዚህ ይረግጥ ነበር እኮ። እዚሁ ነበር። ልጁን አምጥተን ብናቆመው ምን ነበረበት? ፈርቼ ነው። ልቅሶውን ፈርቼ።” ከዚያ ቀና ብላ፣ “አብሽሪ፣ ያንቺዋ ክፉውን አልፋዋለች” አለችኝ።

 እጇን ሳምኩት። ሳሙና የማያውቅ፣ እንዶድ የላጠው እጅ ነው። ተቆጥታ ነጠቀችኝ።

ደሴ ስመለስ ለአስካለ ከጎረቤት ገንዳ ተዋስኩ። የሰፈሩን ጋቢ ሁሉ ሰበሰብኩ። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞአቸውን ትተው ገንዳውን ከበው ማጨብጨብ ጀመሩ። እሷ ደግሞ እንደ ሰዓዳ ወገቧን ይዛ ታዛቸዋለች። የአልጋውን እግርና የገንዳውን ጠርዝ እየያዘች፣ ቁርበት ላይ ቆማ እየተወዛወዘች ጥር ደረሰ። መሬት አልነካችም።

ጥር ሃያ አንድ ቀን ጠዋት አዘልኳት። ከብዳ ነበር። ያ ክብደት ደስ አሰኘኝ። ደብሩ ደጃፍ ስደርስ ጎንበስ ብዬ አወረድኳት። ነጠላዬን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ለቀቀችኝ።

ሦስት እርምጃ ሄደች። በአራተኛው ወደቀች። ልሮጥ ስል ከኋላ የሆነ ሰው ነጠላዬን ያዘኝ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። አስካለ በእጇ መሬቱን ገፍታ ተነሳች። ጉልበቷ ተልጦ ደም አለው። ዞራ አየችኝና፣ “አትምጪ” አለችኝ። እስከ በሩ ድረስ ሄዳ በሩን ሳመች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ቆሜ እግሯን ብቻ አያለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ።

አስካለ ከዚያ ወዲያ አስራ ዘጠኝ ወር ኖረች። ቀኝ እግሯ ትንሽ ይጎተት ነበር፤ መሮጥ ግን አልከለከላትም። ዳገቱን ከኔ ቀድማ ትወጣለች። “ላዝልሽ?” ብዬ ስቀልድባት፣ “ምን ሆኜ?” ትለኛለች። በየፋሲካው ኮምቦልቻ ወርደን ሰዓዳን እንጠይቅ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የጉሮሮ በሽታ ሰፈራችን ገባ። ከብዙ ቤት ልጅ ወሰደ። አስካለን ሐሙስ ያዛት። ያን ጊዜ ስለት አልተሳልኩም። ተንበረከክሁ፤ አፌ ግን ምን ልስጥሽ ማለት አልቻለም። “አንቺ ታውቂያለሽ” ብቻ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ድምፅዋ ጠፍቶ በእጇ ጠቀሰችኝ። ጠጋ አልኩ። “እማዬ፣ እዘይኝ” አለችኝ።

አዘልኳት። ደጅ ወጣሁ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አልኩ። ጆሮዬ ስር ትንፋሿ ይሰማኛል። ብዙ ዞርኩ። መቼ እንደቆመ አላወቅሁም። ጎረቤቴ መጥታ፣ “እህቴ፣ በቃ፤ አውርጂያት” አለችኝ።

ለቅሶው ላይ አንድ ነገር ሆነ። አልቃሿ ካበቃች በኋላ ጎረቤቶቼ ስለ አስካለ ማውራት ጀመሩ። አንዷ፣ “የበርበሬ መደቤን ረግጣ ጨርሳብኛለች” አለች። ሌላዋ፣ “ዶሮዎቼን እያሯሯጠች እንቁላል አስቁማብኝ ነበር” አለች። አንድ ሽማግሌ፣ “አጥሬ ላይ ስትወጣ ስንት ጊዜ ይዣታለሁ፤ ተሳድባኝ ትሮጣለች” አሉ። ከዚያ አፍረው ዝም አሉ፤ ያስከፋኝ መስሏቸው ነው።

“ንገሩኝ” አልኳቸው። “ሌላ ምን አጥፍታለች?”

አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔም አዳመጥኩ። ሙሾው ያላወጣልኝን እንባ ያ ወሬ አወጣልኝ።

ከአርባዋ በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰዓዳ ገንዳው ውስጥ ነበረች። ከሩቅ አየችኝ። ብቻዬን ነኝ። ጥቁር ለብሻለሁ። መርገጧን አቆመች።

“ኧረ አይሆንም” አለች፣ ቀስ ብላ።

ወጥታ አጠገቤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እግሯ ላይ ያለው አረፋ ደረቀ። እሷ “ኢና ሊላሂ” አለች፤ እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሌሎቹ አጣቢዎችም ጭብጨባቸውን አቆሙ።

“ደክመሽ በከንቱ ሆነብሽ፣ እትዬ” አልኳት።

ያን ጊዜ ተቆጣች። አንድም ቀን እንዲህ ተቆጥታ አላየኋትም።

“ከንቱ አትበይ” አለችኝ። “የኔው ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ሞተ። ያንቺዋ አጥር ስትዘል ነበር። እኔ ሰይድን ሳስበው ተኝቶ ነው የሚታየኝ፤ ቆሞ አልመጣልኝ ብሏል። አንቺስ? አስካለን ስታስቢ ምን ስታደርግ ነው የምትታይሽ?”

ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቷን ነው።

“ስትሮጥ” አልኳት።

“እንግዲያው አልሐምዱሊላህ በይ።”

“ተመስገን” አልኩ።

የባለቤቴ እህት ቤት ሳምንት ቆየሁ። በየጠዋቱ ወርጄ ከሰዓዳ ጋር ጋቢ እረግጥ ነበር። ዜማ አላወጣንም። እግራችን ብቻ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ምግብ አሰኘኝ። ከዚያ ወደ ፈትሌ ተመለስኩ።

ሰዓዳ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዘመን ኖራለች። ስትሞት ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ግቢውን እዞራለሁ፤ ጋቢዬንም ራሴ ረግጬ ነው የማጥበው። ልጅ የታመመባት እናት ስትመጣ በጨዋታ አንቀሳቅሺው እላታለሁ፤ ጣቱንም ቢሆን። ስለት አትሳይ አልላትም። እኔ ግን ስጸልይ እስከ ዛሬ የማልጨርሰው አንድ ነገር አለ። ስለ አስራ ዘጠኙ ወር አመሰግናለሁ። ስለ አራቱ ወር ደግሞ ይቅርታ እለምናለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማለት እጀምራለሁ፤ ምስጋናው ላይ ስደርስ ልቤ ይሞላና ሌላውን ለነገ አሳድረዋለሁ።